ከመልቀቅሽ በፊት ይህን ፊልም ተመልከቺ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ኦዲተር «ጋሼ፣ መሥሪያ ቤቴ ውስጥ ከላይ እስከ ታች በሙስና ተሳስረዋል፤ የማውቀውን ይዤ ዝም ብዬ ሥራ ብለቅስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «የማውቀውን ይዤ» ያለችው ቃል እንቅልፍ ነሳኝ። ልጆቼ፣ ጉቦ ነውር ነው ብዬ ጊዜያችሁን አላባክንም። ይህን የምጽፈው እውነትን ታቅፎ ስለ መቀመጥ ነው።

በ1953 እ.ኤ.አ. የተሠራ «ዘ ቢግ ሂት» የተባለ የአሜሪካ ፊልም አለ። ዳይሬክተሩ ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ጀርመንን ጥሎ የወጣው ፍሪትዝ ላንግ ነው። ፊልሙ ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ሽጉጥ ይጀምራል። ደንካን የተባለ ፖሊስ ስለ ከተማዋ ሙስና ለዐቃቤ ሕጉ የጻፈውን ደብዳቤ አስቀምጦ ራሱን ያጠፋል። ሚስቱ ተኩሱን ሰምታ ከፎቅ ትወርዳለች፤ እንባ የለም። ደብዳቤውን ታያለች፣ ከዚያም ስልክ አንስታ የምትደውለው ከተማዋን በመዳፉ ለያዘው የወንበዴዎች አለቃ ለላጋና ነው። ደብዳቤው እሷ ከሞተች ይፋ እንዲወጣ ተደርጎ ተቆልፎበት ይቀመጣል፤ ላጋና ይከፍላታል። የፖሊስ ኮሚሽነሩም ከላጋና ሰዎች ጋር ካርታ ይጫወታል።

የፖሊስ መርማሪው ሳጅን ባኒየን ነገሩን ልመርምር ሲል ለእሱ የተጠመደ ቦምብ ሚስቱን ይገድልበታል። ባጁን አስረክቦ ይወጣል፤ በራሱ ገንዘብ የገዛውን ሽጉጥ ግን ይዞ ይቀራል። ብዙ ተመልካች እሱን ያደንቃል። እኔ ዓይኔ ያለው ሴቶቹ ላይ ነው። ለባኒየን መረጃ የሰጠችው የደንካን ውሽማ ሉሲ ትገደላለች። ግሎሪያ ግራሃም የተጫወተቻት ዴቢ፣ የላጋና ቀኝ እጅ ፍቅረኛ፣ የፈላ ቡና ፊቷ ላይ ይደፋባታል። ደብዳቤው ከተቆለፈበት የሚወጣውም ዴቢ የደንካንን ሚስት ተኩሳ ከገደለች በኋላ ነው። ያ ወረቀት በመጀመሪያው ቀን ዐቃቤ ሕጉ እጅ ቢደርስ ኖሮ ስንት ሰው በሕይወት ይኖር ነበር!

ደብዳቤው የአንድ የግምጃ ቤት ኃላፊ ደብተር ያስታውሰኛል። ስሙንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም። ቢን ካርድ (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ካርድ) ከመንካቱ በፊት እጁን የሚታጠብ ሰው ነበር፤ የጎማና የዘይት መጋዘን ውስጥ እየዋለ ካርዶቹ ላይ የጣት አሻራ አይታይም ነበር። ግቢውን ያልረገጠ ጎማ ገቢ ሆኗል ብለህ ሞዴል 19 (የዕቃ መረከቢያ ደረሰኝ) ፈርም ሲሉት አልፈርምም አለ። ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩት፤ ሌላ ሰው ፈረመ። እሱ ግን በካሬ ደብተር ሁሉንም መዘገበ፦ ቀኑን፣ የመኪናውን ሰሌዳ፣ የሰነዱን ቁጥር። ያልገባው ዕቃ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ስጠኝ ብዬ ብለምነው «ጡረታ ስወጣ ይወጣል፤ አሁን ልጆች አሉኝ» አለኝ። ልፈርድበት አልችልም።

ጡረታውን ሳያይ ሞተ። ባለቤቱ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልላ አመጣችልኝ። ከደንካን ሚስት ጋር ምን አገናኛት! ለቤቷ ዳቦ መግዣ እየቸገራት እንኳ ልትሸጠው አላሰበችም። ቁጥሮቹን ይዤ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ሰነዶቹ የማቆያ ጊዜያቸው አልፎ ተወግደዋል። ፈራሚዎቹ ግማሾቹ የሉም። ደጋፊ ሰነድ የሌለው ደብተር፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በኦዲት ሪፖርት ላይ ግኝት ሆኖ አይቆምም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። ያያችሁትን ሁሉ በስልክ አንስታችሁ ማታውን ቴሌግራም ላይ ትለቃላችሁ፤ ተጠርጣሪው ጠዋት ሰነዱን ያጠፋል። ይህን ልማድ አልወደውም። ነገር ግን ያ ሰው የእናንተ ስልክ በእጁ ቢኖር ኖሮ የሞዴል 19 ሰነዶቹ ዛሬም ይታዩ ነበር፤ እሱንም አልክድም።

ስለዚህ ልጄ፣ መልቀቁን ለጊዜው ተዪው። እንደ ባኒየን ብቻሽንም አትውጪ። የሰነዶቹን ቁጥርና ቀን ጻፊ፣ ለኦዲት ኃላፊሽ በደብዳቤ አቅርቢና ቅጂው ላይ የገቢ ማኅተም አስመቺ። ኃላፊሽም የተሳሰረ ከሆነ የፀረ ሙስና ኮሚሽን ጥቆማ ይቀበላል፤ ስለ ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣውን አዋጅ ቁጥር 699/2003 አስቀድመሽ አንብቢው። ከዚያ በኋላም መልቀቅ ካማረሽ ልቀቂ፤ እኔ አልወቅስሽም።