እጅህን ያደነዘዘው ኮርቻው ነው

ከኮምቦልቻ የደረሰኝ ጥያቄ ይኼ ነው፦ «አሮጌ ማውንቴን ባይክ ገዝቼ በሐረጎ በኩል ደሴ እመላለሳለሁ። ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል፣ እጄ ይደነዝዛል፣ ወገቤም አልቻለም። ኮርቻውን ስፖንጅ ባለው ልቀይረው?»

አብሽር፣ ገንዘብህን ያዝ። ስፖንጅ ለጉልበት ምንም አይፈይድም።

ጉልበትን ከፊት የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ሲል ነው። የሐረጎን ዳገት፣ ከ500 ሜትር በላይ ከፍታ፣ እግርህን አጥፈህ ስትወጣው ደግሞ አስበው። ግድግዳ ተደግፈህ ተቀመጥበት። ፔዳሉን እታች አድርሰህ ተረከዝህን አሳርፍበት። እግርህ ቀጥ ካለ ልክ ነው። ስትነዳ ዳሌህ ግራና ቀኝ ከተወዛወዘ ግን ከፍታውን አብዝተኸዋል። እዚህ አገር ሁለት እግሩ መሬት ካልነካ ኮርቻው ልክ የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። እሱ ለልጅ መልመጃ ነው። ብቻ የኮርቻው ቱቦ ላይ የተቀረጸው የመጨረሻ መስመር ከውጭ እንዳይታይ።

እጅህን በተመለከተ፣ የኮርቻውን አፍንጫ እየው። እንዲመቻቸው ብለው ወደ ታች ያዘነበሉትን ስንቱን አቃንቻለሁ! ያዘነበለ ኮርቻ ወደ ፊት ያንሸራትትሃል፣ ክብደትህን እጅህ ይሸከማል። እንደ ግንበኛ ውሃ ልክ ጣልበትና አግድመው።

ከዚያ መሪው። በድሮዎቹ ብስክሌቶች የመሪው አንገት፣ ማለትም መሪውን የተሸከመው ዘንግ፣ ቱቦ ውስጥ ገብቶ በሽብልቅ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ ከፍ ይልልሃል። ከላይ ያለውን ብሎን ሁለት ሦስት ዙር አላላ። ጨርሰህ አትፍታው። አንድ ልጅ ፈትቶት ሽብልቁ ውስጥ ቀርቶበት፣ የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ አውርጄ ነው ያወጣሁለት። ብሎኑ ቢላላም መሪው ንቅንቅ አይልም፤ አትታገለው። ብሎኑ ላይ ቁራጭ እንጨት አድርገህ በመዶሻ ቸብ አድርገው። «ቋ» ብሎ ይለቃል። መሪውን ከኮርቻው እኩል አድርገው፣ ወገብህም ይቀልለዋል። እዚህም ላይ የመጨረሻ መስመር አለ፣ እንዳታልፈው።

አንድ ነገር ልብ በል። በአንዳንዶቹ የፊት ፍሬን ካቦ የሚያልፈው በመሪው አንገት ውስጥ ነው። አንገቱን ከፍ ስታደርግ ካቦው ይወጠርና ፍሬኑ ጎማውን ይነክሳል። ካቦውን አላልተህ እንደገና አስተካክል።

ብሎኑን ካጠበቅህ በኋላ የፊት ጎማውን በጉልበቶችህ መሃል ቆንጥጠህ መሪውን በኃይል ጠምዝዘው። ትንሽም ከዞረ ሐረጎን እንዳትወርድበት።