ቢራቢሮን በፍራፍሬ ወደ ግቢ መሳብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሙዝ ቆርጬ በሳህን ባስቀምጥም ከዝንብ በቀር የቀረበው የለም። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ሙዙ ገና ትኩስ ሳይሆን አይቀርም። ፍራፍሬ ወዳድ ቢራቢሮዎች የሚመጡት የፍሬውን ሽታ ተከትለው ሲሆን፣ ይህ ሽታ ጎልቶ የሚወጣው የፍሬው ስኳር መብላላት ሲጀምር ነው። ልጣጩ የጠቆረ ሙዝ ወይም ጁስ ቤት ሊጥለው የነበረ ማንጎ ከጥቂት ስኳርና ከአንድ ሁለት ማንኪያ ጠላ ጋር ደፍጥጠው፣ አፉ በስስ ጨርቅ በተሸፈነ ዕቃ ሁለት ቀን ያህል ካቆዩት በኋላ፣ በጠፍጣፋ ሳህን አድርገው ፀሐይ ከሚያገኝ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠልጥሉት። ጉንዳን እንዳይወርድበት ገመዱን ቫዝሊን ይቀቡት፤ ሲደርቅ ውሃ ጠብ ያድርጉበት፤ ሲሻግት ይቀይሩት። ዝንብን ፈጽሞ ማስቀረት ስለማይቻል ሳህኑን ከማዕድ ቤት ማራቅ ይሻላል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በፍራፍሬው ፈንታ ማር በጥብጬ ባቀርብስ?

መልስ፦ አልመክርም፤ ማር የንብ በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል። አንድ እጅ ስኳር በአሥር እጅ ውሃ ይበቃል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጥቁርና ቢጫ ትልልቅ ቢራቢሮዎች የሎሚ ዛፌን ይዞራሉ፤ ፍራፍሬውን ግን አይነኩትም። ለምን?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ያዩት ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የተባለው ዝርያ ይመስላል። ቻራክሰስ የሚባሉት ወገኖች የበሰበሰ ፍሬ፣ የዛፍ ፈሳሽ፣ እበት እንኳ ሲመጥጡ፣ ይህኛው ግን በዋናነት የአበባ ወለላ የሚቀስም ነው። ሎሚውን የሚዞሩት ሴቶቹ እንቁላላቸውን ቅጠሉ ላይ ለመጣል ነው። የሚፈለፈለው አባጨጓሬ በልጅነቱ የወፍ ኩስ መስሎ ከጠላት ይሰወራል፤ ሲያድግ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሲነኩት ደግሞ ከራሱ ጀርባ ሁለት ቀንድ የመሰለ ክፉ ሽታ ያለው አካል ያወጣል። የቆየ ዛፍ ጥቂት ቅጠል ቢበላበት አይጎዳምና መድኃኒት አይርጩበት፤ ለችግኝ ብቻ ይጠንቀቁ። በእኔ ግምት ከማጥመጃ ሳህን ይልቅ ይህ ዛፍ ይበልጣል፤ ሳህኑ የሚያበላው ሌላ ቦታ ያደገውን ሲሆን፣ ዛፉ ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ያሳድጋል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ አበባ ልትከል ብል የትኛው ይሻላል? ላንታና ይነግሩኛል።

መልስ፦ ላንታና ቢራቢሮ መሳቡ እውነት ነው፤ ነገር ግን በአገራችን ወራሪ አረም ሆኗል። ስፍራ ካለዎት አገር በቀሉን አንፋር ይትከሉ።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ በክረምት የሚመጡት ለምን ጥቂት ናቸው?

መልስ፦ ቢራቢሮ ሰውነቱን በፀሐይ ካላሞቀ በቅጡ መብረር አይችልም፤ ዳመናና ዝናብ ያግደዋል፤ ዝናቡ ድብልቁንም ያቀጥነዋል። ስለዚህ ሳህኑን መስከረም አጋምሶ ፀሐይ ስትወጣ ያውጡት፤ ከጎኑም በጥቂት ጨው ውሃ የራሰ አሸዋ ያኑሩ፤ በተለይ ወንዶቹ ከእርጥብ አፈር ጨውና ማዕድን ይመጥጣሉ።