«ዌን አይ ዊል ካም» ምን አጠፋ?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ዌን አይ ዊል ካም፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ብለህ ጽፈህ መምህሩ የመጀመሪያውን ዊል ኤክስ አደረገብህ። «መምጣቱም መደወሉም ገና ነው፤ ታዲያ ዊል ምን አጠፋ?» ነው ያልከው።

ፍኖተ ሰላም እንግሊዝኛ ሳስተምር ይቺን ስህተት ያላረምኩበት ሳምንት ትዝ አይለኝም። መጀመሪያ ሰሞን መልሴ «ሕጉ ነው፣ ሸምድዱት» ነበር። የስንፍና መልስ!

መፍቻው እዚሁ አማርኛችን ውስጥ ነው ያለው። እስቲ «ስመጣ እደውላለሁ» በል። «እደውላለሁ» መጨረሻው ላይ «አለሁ» አለች። «ስመጣ» ላይስ? የለችም። «ስመጣለሁ እደውላለሁ» የሚል ሰው ብትሰማ ትስቃለህ። እንግሊዞቹም ጆሯቸውን የሚቆረቁራቸው እንደዚያው ነው። ስለዚህ «ዌን አይ ካም፣ አይ ዊል ኮል ዩ» ትላለህ። «ከመጣህ»ም ያው ነው፤ «ኢፍ ዩ ካም»።

ግን ዌን «መቼ» ማለት ሲሆን ዊል ይመለሳል። «መቼ ትመጣለህ?» ስትል «ዌን ዊል ዩ ካም?» ነው። አየህ፣ «አለህ»ም አብራ ተመለሰች።

ገና ላልሆነ ነገር ከዊል ሌላ ጎይንግ ቱም አለ፤ እሱን ደግሞ የሰኔ ደመና ነው ያስረዳልኝ። አንዱ ተማሪ በመስኮት አየና «ቲቸር፣ ሊዘንብ ነው!» አለ። በእንግሊዝኛ በለው ስለው፣ «ኢት ዊል ሬይን»። «ይዘንባል መቼ አልክ? ሊዘንብ ነው እኮ ነው ያልከው» አልኩት። ምልክቱ ዓይንህ ፊት ሲሆን «ኢት ኢዝ ጎይንግ ቱ ሬይን» ነው። ሰሌዳው ላይ ጽፌ ሳልጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይወቅጠው ጀመር። ክፍለ ጊዜው እዚያው አለቀ፤ ማን ማንን ይሰማል?

አስቀድመህ የወሰንከውም በጎይንግ ቱ ይሄዳል፤ «ለፋሲካ ማርቆስ ልሄድ ነው» እንደምትለው። መናኸሪያ ላይ አንዲት እናት ዕቃ ከብዷቸው አይተህ «ይስጡኝ፣ እኔ እይዝልዎታለሁ» ካልክ ግን ሐሳቡ የመጣልህ እዚያው ነው፤ ዊል። ይሄ ማመሳከሪያ መቶ በመቶ አይሰራም፤ ለመነሻ ግን ይበቃል።

የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ስትናገር ሁለቱም አያስፈልጉህም፦ «ዘ ባስ ሊቭስ አት ሲክስ»። የኛ ንጋት 12 ሰዓት ማለት ነው። 12 ብለኸው ፈረንጁ እኩለ ቀን ላይ ሻንጣውን እየጎተተ ቢመጣ ጥፋቱ ያንተ ነው።

በል እስቲ «ባሕር ዳር ስደርስ ፎቶ እልክልሃለሁ»ን እዚሁ ሥር ጻፍልኝ፣ አርምልሃለሁ።