ወዲያው የሚበተን ኒውክለስ ኃይሉ በምን ይለካል?

ወንድሜ፣ «ኦክስጅን-24 ሲነቃቃ ጋማ ጨረር ሳይለቅ ኒውትሮን ተፍቶ የሚበተን ከሆነ፣ ኃይሉን በምን አወቁት?» ብለህ ጠይቀሃል። ኦክስጅን-24 ማለት 8 ፕሮቶንና 16 ኒውትሮን ያለው የኦክስጅን ኒውክለስ (የአቶም እምብርት) ነው፤ «ሲነቃቃ» ማለትም ተጨማሪ ኃይል ሲያገኝ ነው። ተማሪ ሳለሁ ኒውትሮን መመርመሪያ ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ላካፍልህ።

ኒውክለሱን ራሱን ማንም አያየውም። ገና ኢላማው ውስጥ እያለ ይበተናል። የሚያዘው ስብርባሪው ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የወጣው የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙከራ ፍሎሪን-26ን ከቤሪሊየም ጋር አጋጨ። አንድ ፕሮቶንና አንድ ኒውትሮን ሲነጠቁበት የተነቃቃ ኦክስጅን-24 ይቀራል። እሱም ወዲያው ኦክስጅን-23 እና ኒውትሮን ይሆናል። ኦክስጅኑ ቻርጅ ስላለው ማግኔት ወደ ጎን ያጥፈዋል። ኒውትሮኑ ግን ቻርጅ ስለሌለው ማግኔት አያጥፈውም፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ሥራው ያለው እሱን መያዙ ላይ ነው። እዚያ ያለው ሞና የተባለው መመርመሪያ 2 ሜትር የሚረዝሙ 144 የፕላስቲክ ሲንቲሌተር ዘንጎች አሉት። ኒውትሮን ሲመታው ዘንጉ ብልጭ ይላል፤ ብርሃኑም ወደ ሁለቱ ጫፎች ይሮጣል። የግራው ቀድሞ ከደረሰ የተመታው ወደ ግራ ነው። ከኢላማው እስከ ዘንጉ የፈጀው ጊዜ ደግሞ ፍጥነቱን ይሰጥሃል። ጉዞው በአሥር ቤት በሚቆጠሩ ናኖሰከንዶች ስለሚያልቅ አንዷም ናኖሰከንድ ዋጋ አላት። እኛም የሙከራው የቅንጣት ጨረር ሳይመጣ በፊት፣ ሙዮን በሚባሉ ከሰማይ በሚወርዱ ቅንጣቶች የዘንጎቹን ሰዓት እርስ በርስ ስናስተካክል እንውል ነበር። አሰልቺ ነው፣ ግን ያለሱ ምንም አይሠራም።

ከዚያ የሁለቱ ስብርባሪዎች ፍጥነትና አቅጣጫ ተቀናብሮ የመበተኛው ኃይል ይሰላል። እኔን እስካሁን የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ኦክስጅኑ ወደ 2000 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት (የኃይል መለኪያ ነው) ይዞ እየበረረ፣ የተገኘው 0.63 ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የፍጥነት ልዩነት ብቻ ስለሚቆጠር ነው የሚቻለው። ኒውትሮን ለመንቀል የሚያስፈልገው 4.09 ሲደመርበት 4.72 ይመጣል። ለመነቃቃት ይህን ያህል የሚጠይቅ ኒውክለስ አጥብቆ የተዘጋ ነው። 16 ኒውትሮን እዚህ አካባቢ «አስማታዊ ቁጥር»፣ ማለትም ኒውክለሱን በተለይ የሚያጸና ቁጥር፣ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ኒውትሮኖቹ ሲበዙ ነገሩ ይከብዳል። አንዱ ኒውትሮን ሁለት ዘንግ መትቶ ሁለት መስሎ ይታያል። በ2023 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በወጣው የጃፓኑ ሪከን የምርምር ተቋም ሙከራ ኦክስጅን-28 ሲታይ አራት ኒውትሮኖች አብረው መያዝ ነበረባቸው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስታነብ፣ ጉብታው (በኃይል ግራፉ ላይ ብዙ ልኬቶች የተከማቹበት ቦታ) ላይ ከመድረስህ በፊት የውሸት ጥንዶቹን እንዴት እንዳጣሩና መመርመሪያው ራሱ ጉብታውን ምን ያህል እንደሚያሰፋው ፈልግ።