ሶዲየም አሲቴት፦ አንዴ ያለጊዜው ይረጋል፣ አንዴ አልረጋም ይላል

ጥያቄ፦ ከነጭ ኮምጣጤና ከቤኪንግ ሶዳ ሶዲየም አሲቴት (ከፈሳሽነት ሲረጋ ሙቀት የሚሰጥ ጨው) ሠራሁ። መጀመሪያ የሠራሁት ገና ሳይበርድ ረጋ፤ ሁለተኛው በርዶም ፈሳሽ እንደሆነ ቀረ። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ውሃው ከልክ በላይ ተንኗል ወይም የዚሁ ጨው ቅንጣት ገብቶበታል፤ ሁለተኛው ውሃ በዝቶበታል ወይም መርጋቱን የሚያስጀምር ቅንጣት አላገኘም። ስለዚህ በዓይን ከመገመት ሚዛን ይጠቀሙ። 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ ኮምጣጤ 70 ግራም ያህል ሶዳ ይበቃዋል። አረፋው እንዳይገነፍል ጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ፤ መጨረሻ ላይ ሶዳው ከሚተርፍ ኮምጣጤው ትንሽ ቢተርፍ ይሻላል፣ ሲፈላ ይተናልና። ከዚያ ባዶውን ድስት መዝነው (አሉሚኒየም ባይሆን ይመረጣል) ያፍሉት። ንጹሁ ጨው ሲረጋ ከሚይዛቸው ሦስት የውሃ ሞለኪውሎች ጋር 113 ግራም ገደማ ስለሚሆን፣ ድስቱ ውስጥ ያለው 125 ግራም ሲደርስ ያውጡት። ላዩ ላይ ስስ ቅርፊት ከታየ ውሃው አንሷል፤ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምረው ቅርፊቱን ያሟሙት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ከዚህ በኋላ ነው። በድስቱ ጠርዝ ላይ የደረቀ አንዲት ነጭ ቅንጣት ብትገባ ፈሳሹ በሙሉ ተከትሏት ይረጋል። ስለዚህ ትኩሱን በንጹህ ብርጭቆ ይገልብጡ፣ ይክደኑት፣ ሳይነቀነቅ ይብረድ። የጠርዙን ቅንጣት ግን አይጣሉት፦ ፈሳሹ ሲበርድ እሱን ጣል ሲያደርጉበት መርፌ የመሰሉ ክሪስታሎች ከነካበት ቦታ ተነስተው ይዘረጋሉ፤ ብርጭቆውም ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል።

አፍልተው ፍጹም ካደረቁት ውሃ የሌለው ዱቄት ይሆናል። አይጣልም፤ ለ82 ግራም ዱቄት 54 ግራም ውሃ ጨምረው ያሙቁት።

ጥያቄ፦ በሶዲየም አሲቴት የተሞላውን የእጅ ማሞቂያ ከረጢቴን እንደገና ፈሳሽ እንዲሆን አፍልቼው ነበር፤ ሲበርድ ራሱ ረጋ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ያልቀለጠ ክሪስታል ቀርቶበታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው መርጋቱን ለማስጀመር በምትጫነው ትንሽ የብረት ዲስክ ዙሪያና በከረጢቱ ማዕዘኖች ነው። ይህ ጨው የሚቀልጠው በ58 ዲግሪ ቢሆንም ሙቀቱ እስከ መሃሉ እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል። በጨርቅ ጠቅልለው ከድስቱ ግርጌ እንዳይነካ አድርገው በፈላ ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ ሲያወጡት ወደ ብርሃን አቅርበው አንድም ነጭ ነገር አለመኖሩን ይዩ። ብረት ስላለው ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገባም።