ሴንሰሩን ተወው፤ ጥቅሉን ለካው

ኮምቦልቻ ውስጥ በጋዜጣ ወረቀት መጋዘን የሚሠራ አንባቢ እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጥቅሉ ከአውቶማቲክ መደርደሪያው ወጥቶ በኮንቬየሩ ወደ መለኪያው ሲደርስ ማሽኑ ‹ከልክ በላይ ወፍራም› ብሎ ይቆማል። ገብተን በእጃችን ሩብ ዙር ስናዞረው ያልፋል። ሴንሰሩ ሁለት ጊዜ ተቀየረ፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የመጣው ባለሙያ የተፈቀደውን ልክ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍ አደረገልን። መቆሙ ቀነሰ፤ አሁን ግን ማተሚያው ላይ ወረቀቱ ይበጠሳል።»

ወንድሜ፣ «ሩብ ዙር» የሚለው ቃልህ በቂዬ ነው። የተበላሸ ሴንሰር ጥቅሉን ብታዞረውም ባታዞረውም ይሳሳታል። ሲዞር የሚያልፍ ጥቅል ግን ክብነቱን አጥቷል። ሴንሰርህ እውነቱን ሲነግራችሁ ነው የነቀላችሁት።

ከሁሉ በፊት ግን በእጅ ማዞሩን ዛሬውኑ አቁሙ። ጥቅሉን ስታዞረው የጋረደው የሴንሰሩ ጨረር ይከፈታል፤ ማሽኑም መንገዱ ነጻ ሆነ ብሎ አንተ ውስጥ እያለህ ሊነሣ ይችላል። ዲያሜትሩ 1 ሜትር፣ ወርዱ 84 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጥቅል ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በማሽኑ አጥር ውስጥ ከመግባትህ በፊት ዋናውን ማጥፊያ አጥፋ፣ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ለጓደኛህ እንኳ አትስጠው።

አሁን ሜትር ያዝ። በጥቅሉ ጎን፣ በካርቶን ቱቦው መሐል አሳልፈህ ከዳር እስከ ዳር ለካ፤ ከዚያ በመስቀለኛው ድገም። አሥር ያህል ጥቅሎችን ለካና ጠፍጣፋው የት እንደሆነ በጠመኔ ምልክት አድርግ። በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ለረጅም ጊዜ በጎኑ ተጋድሞ ቆይቷል። ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት ጎኖች ከሆነ የፎርክሊፍቱ ክላምፕ፣ ማለትም ጥቅሉን ከሁለት ጎን የሚይዘው ክንድ፣ ጨምቆታል። እኔ የምጠረጥረው ይህን ሁለተኛውን ነው። ወረቀቱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በሚሌና በባቲ በኩል እናንተ ዘንድ እስኪደርስ የሚያነሣው ክላምፕ አንድ ብቻ አይደለም፤ የመጨረሻው ግን የእናንተው ነው።

ጥቅሉን የሚነካውን የክላምፑን ጎማ በእጅህ ዳብሰው። ከገበያ በርካሽ የተገዛ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ እንደ መስታወት ይለሰልሳል። ሲለሰልስ ጥቅሉ ይንሸራተታል፤ ሾፌሩም እንዳይወድቅበት የሃይድሮሊኩን ግፊት ያስጨምራል። አንድ ጎማ ላይ የተቆጠበ ገንዘብ ስንት ጥቅል እንዳጠፋ ባሰብኩ ቁጥር እናደዳለሁ።

ወረቀቱ ለምን እንደሚበጠስ በደንብ ልንገርህ፤ ብዙ ሰው ማተሚያውን ይወቅሳልና። የ1 ሜትር ጥቅል ዙሪያው 3.14 ሜትር ነው። ማተሚያው በሰከንድ 7 ሜትር ቢስብ ጥቅሉ በሰከንድ ከ2 ጊዜ በላይ ይዞራል። እንቁላል የመሰለ ጥቅል ሁለት ጉብታ ስላለው በእያንዳንዱ ዙር ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ያላላዋል፣ ሁለት ጊዜ ይወጥረዋል፤ በሰከንድ ከ4 ጊዜ በላይ ማለት ነው። ውጥረቱን የሚያስተካክለው ተንቀሳቃሽ ሮለር ቀስ ያለ ለውጥን ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ ርግብግቢት ግን አይደርስም። ጥቅሉ ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ሲቀንስ ደግሞ ዙሩ እጥፍ ይሆናል፤ ቱቦውም ከተጨመቀ ንዝረቱ እስከ መጨረሻው አይለቅም። በካሬ ሜትር 45 ግራም የሚመዝን ስስ ወረቀት ይህን ሁሉ ምት ችሎ እንዲያልፍ መጠበቅ ግፍ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቀዳድ ካለ ከዚያው ይጀምራል።

እንግዲህ በኮምፒውተሩ ላይ ከፍ የተደረገውን ልክ ወደ ፋብሪካው ቁጥር መልሰው። ልኩን ከፍ ማድረግ ጥገና ሳይሆን የጠባቂን አፍ መሸበብ ነው። የመደርደሪያውና የማንሻው ክፍተት ለክብ ጥቅል የተሠራ ስለሆነ፣ ያበጠው ጥቅል አንድ ቀን ከፍታ ላይ ሳለ ይነካካል። ጎማውን በደህና ጎማ ቀይር። ከዚያ ደህና ክብ ጥቅል ይዘህ፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ እያነሣህ፣ ሳይንሸራተት የሚይዝበትን ዝቅተኛ ግፊት ፈልግ፤ ቁጥሩን ፎርክሊፍቱ ላይ ጻፈው። ስትሞክር ማንም አጠገቡ አይቁም፤ የተጋደሙት ጥቅሎች ሁሉ በሁለቱም በኩል ታኮ ይኑራቸው።

የተበላሹትን ወደ አውቶማቲኩ አትመልሳቸው። ወለል ላይ አቁመህ አስቀምጣቸውና ፍጥነት በማይጠይቅ ሥራ ጨርሷቸው። የመጀመሪያውን ሴንሰር ካልጣልከውም መልሰህ ግጠመው፤ ምንም አልሆነም ነበር። ስትገጥመው ግን የማጥፊያው ቁልፍ ኪስህ ውስጥ ይሁን።