መልስ፦ በግማሽ ዋጋ የሚሸጥ የጌም ኮድ ልግዛ ወይ?

ወንድሜ፣ "ስቲም (የኮምፒውተር ጌም መሸጫው) ላይ ካለው በግማሽ ዋጋ ጌም መክፈቻ ኮድ የሚሸጥ ድረ ገጽ አገኘሁ፣ ልግዛ?" ላልከው፣ እኔ ብሆን አልገዛም። እንዲህ ያሉ ኮዶች አንዳንዴ በተሰረቀ ካርድ የተገዙ ናቸው፤ የካርዱ ባለቤት ገንዘቡን ሲያስመልስ ኮዱ ሊሰረዝ ይችላል። እኔም ደርሶብኛል፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ የተጫወትኩት ጌም አንድ ማታ ከላይብረሪዬ ጠፋ። ሻጩን ደጋግሜ ብጽፍለት ዝም አለኝ፤ በጣም ነው ያናደደኝ። ከስቲም በቀጥታ ከገዛህ ግን 14 ቀን ካላለፈውና ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወትክ ገንዘብህን ማስመለስ ትችላለህ። ዋጋው ከከበደህ ዊሽሊስት (ስቲም ላይ የምትፈልጋቸው ጌሞች ዝርዝር) ውስጥ አስገባውና ቅናሽ ጠብቅ፤ ሲቀንስ በኢሜይል ያሳውቅሃል። አካውንት ከነፓስወርዱ ልሽጥልህ የሚልህን ደግሞ በፍጹም እንዳትሰማ! የመጀመሪያው ባለቤት መልሶ ሊወስደው ይችላል። ስቲም ጋርድንም (ከፓስወርድ ሌላ ኮድ እየጠየቀ አካውንትህን የሚጠብቀውን) ዛሬውኑ አብራው።